በሽምግልና ያለቀ አደጋ አይቆጠርም

ከአራት ወር ጥበቃ በኋላ የከተማችን የትራፊክ ክፍል ደብዳቤ ደረሰኝ። ቤቴ ፊት ለፊት ባለው መስቀለኛ መንገድ በአራቱም አቅጣጫ ስቶፕ ሳይን (ሾፌሩን «ቁም» የሚል ምልክት) እንዲተከል ያቀረብኩት ማመልከቻ «መስፈርቱን ስላላሟላ» ውድቅ ሆኗል። ደብዳቤው ትሕትና ያልጎደለውና በቁጥር የተሞላ ነው። ይበልጥ ያንገበገበኝም ይኸው ነው፤ ከቁጥሮቹ መካከል ሐሰት ነው ብዬ የምሟገትበት አንድም አላገኘሁም።

የምንኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር ነው። በጠባቡ መንገድ የሚመጣ ሾፌር ስቶፕ ሳይን አለበት፤ በሰፊው የሚመጣውን ግን የሚያስቆመው ነገር የለም። ዋናው ጎዳና ሲጨናነቅ የስልኩ ካርታ ሾፌሩን ሁሉ በእኛ በር ያሳብረዋል፤ 25 ማይል የሚለውን ሰሌዳ አይቶ የሚያከብረው ጥቂት ነው። ከሥራ መልስ ደግሞ ማዕዘኑ ላይ ቫንና ፒክአፕ ይደረደራል። ያን ጊዜ ከጠባቡ መንገድ የሚወጣ ሰው ሕጉ በሚያዘው ቦታ ቢቆምም የሚታየው የቆመ መኪና ጎን ብቻ ነው። የሚመጣውን ለማየት የመኪናውን አፍንጫ ወደ መንገዱ ማስገባት አለበት፤ ካስገባ በኋላ ደግሞ ማየቱ ብዙም አይፈይድለትም።

መስፈርቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና አስተዳደር የሚያወጣውን የመንገድ ምልክቶች መመሪያ፣ በ2023 መጨረሻ የወጣውን 11ኛ እትም ፈልጌ አነበብኩ። ከመመዘኛዎቹ አንዱ አደጋ ነው፤ አራት አቅጣጫ ባለው መስቀለኛ መንገድ፣ ምልክቱ ቢኖር ኖሮ ሊቀሩ ይችሉ የነበሩ 5 አደጋዎች በ12 ወር ወይም 6 አደጋዎች በ36 ወር ውስጥ ተመዝግበው መገኘት አለባቸው። ሌላው የትራፊክ ብዛት ነው፤ በዋናው መንገድ በሰዓት ቢያንስ 300 መኪና፣ በመጋቢው (በእኛ ጠባቡ መንገድ ማለት ነው) ደግሞ መኪናውም እግረኛውም ብስክሌቱም ተደምሮ በሰዓት 200፣ ያውም በቀን ለ8 ሰዓታት። መመሪያው ስቶፕ ሳይን ለፍጥነት መቀነሻ አይዋል ብሎም ይመክራል፤ በዚህ እስማማለሁ። ያለ ምክንያት የተተከለ ምልክት ይናቃል፤ ሾፌሩ ጎማው ሳይቆም እየተንከባለለ ያልፈዋል፣ እግረኛው ደግሞ ይቆምልኛል ብሎ አምኖ ይገባል። እኔ ራሴ ሌሊት ወደ ሥራ ስወጣ ሳልቆም የማልፈው አንድ አለ፤ አልኮራበትም።

ቅሬታዬ በመመሪያው ላይ ሳይሆን በአለካኩ ላይ ነው። መኪና የሚቆጥረው ጥቁር የጎማ ቱቦ መንገዱ ላይ የተዘረጋው በሐምሌ ወር፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ነበር። የእኛ መስቀለኛ መንገድ የሚጨናነቀው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ማለዳና እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ መሻገሪያውን በሞላበት ሰዓት ነው። የጎረቤቴ እናት፣ የልጅ ልጃቸውን ሊያሳድጉ ከጎንደር የመጡት እናታችን፣ የሕፃኑን ጋሪ ይዘው በዚህ መሻገርን ከተዉ ቆይተዋል። ሁለት ብሎክ ዞረው በመብራቱ በኩል ይሻገራሉ። ስለዚህ በቆጠራው ውስጥ የሉም፤ ፈርቶ የቀረ እግረኛ የሚሰፍርበት ዓምድ በሠንጠረዡ ላይ አላየሁም።

የአደጋው ቁጥር ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ደብዳቤው በሦስት ዓመት ውስጥ የተመዘገቡት አደጋዎች 2 ናቸው ይላል። እኔ በዓይኔ ያየኋቸው 7 ናቸው፤ ሁሉም ከጠባቡ መንገድ የወጣና በሰፊው የመጣ መኪና የተጋጩባቸው። የቀሩት አምስቱ በሽምግልና አለቁ። የሰፈራችን ወንድ አብዛኛው ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳ ነው፤ ፖሊስ ከተጠራ ኢንሹራንሱ ይጨምራል፣ ከሥራ እታገድ ይሆን የሚል ስጋትም አለ። ስለዚህ ሁለቱ ይወርዳሉ፣ ትንሽ ይጯጯኻሉ፣ ከዚያ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይግባባሉ፣ ገንዘብ በስልክ ይላካል፣ ያበቃል። ባለፈው ዓመት ሁለት ወጣቶችን በረንዳዬ ላይ አስቀምጬ ያስታረቅኩት እኔው ነኝ። ባለቤቴ ቡና አፈላች፣ አንደኛው የባምፐሩን ዋጋ ከፈለ፣ ተቃቅፈው ተለያዩ። ያን ዕለት በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከመዝገቡ ላይ አንድ አደጋ የፋቅኩት በገዛ እጄ ነው፤ ስድስት ይበቃ ነበርና።

መመሪያው ለእይታ ደግሞ ራሱን የቻለ መመዘኛ አለው። ከመጋቢው መንገድ የመጣ ሰው ቆሞም የሚመጣውን ማየት ካልቻለና ሌላው ወገን ካልቆመ በቀር ማለፍ የማይችል ከሆነ፣ አደጋ መቁጠር ሳያስፈልግ በሁሉም አቅጣጫ ማስቆም ይቻላል። ደብዳቤው ይህን በአንድ መስመር «የእይታው ርቀት በቂ ሆኖ ተገኝቷል» ብሎ አልፎታል። ሊለካ የመጣውን ሠራተኛ አይቼዋለሁ። ረቡዕ ረፋድ ላይ ነበር፤ ቫኖቹ ሁሉ ሥራ ሄደው ማዕዘኑ ጭር ብሏል። ማታ መጥተህ ብታየው አልኩት። የሥራ ሰዓቱ እንዳልሆነ በትሕትና ነገረኝ፤ እውነቱን ነው፣ እሱም ደመወዝተኛ ነው።

ስቶፕ ሳይኑ ቢቀር እንኳ ማዕዘኑ ላይ መኪና ማቆም ይከልከልልን ብዬ ነበር። ካሊፎርኒያ ከመሻገሪያ በፊት ባለው 20 ጫማ ውስጥ መኪና ማቆምን በሕግ ከልክላለች፤ የሚያስፈልገው የመንገዱን ጠርዝ የሚቀባ ቀለም ብቻ ነው። ይህን ሐሳብ ያከሸፉት ግን የከተማው ሰዎች አይደሉም። ለስቶፕ ሳይኑ ተሽቀዳድመው የፈረሙ ጎረቤቶቼ ማቆሚያ ሊያጡ እንደሆነ ሲሰሙ ስልክ ማንሳት አቆሙ። አንደኛው እንዲያውም «አንተ ጋራዥ ስላለህ ነው» አለኝ።

አሁን እንደገና አመልክቻለሁ፤ ቆጠራው ትምህርት ቤት ሲከፈት እንዲደረግ፣ የእይታው ልኬትም ከሥራ መልስ እንዲሆን ጠይቄአለሁ። በሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕም ከእንግዲህ መስታወት ብቻ እንኳ ቢሰበር ፖሊስ እንዲጠራ ለመንኩ፤ ሁሉም በአውራ ጣት ምልክት ተስማማ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ የብረት ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ከተስማሙት አንዱ ከሌላ ሾፌር ጋር ተጋጭቶ ቆሟል። ስልኬን ሳወጣ እጄን ያዘኝና «ተወው ጋሼ፣ ጨርሰናል፤ የአገር ልጅ ነው» አለኝ።