«ስትወልጂ ይለቅሻል» የምትሉ ሰዎች፣ በእናታችሁ ተዉን!

ቆይ፣ የወር አበባ ሕመምን «ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚለውን ነገር ማን ነው ያመጣው? ዘመድም ይህንኑ አለኝ፣ ጎረቤትም አለኝ፣ ነጭ ጋውን የለበሰውም አለኝ። ወለድኩ። ደገምኩ። ሕመሙ ጭራሽ ባሰበት!

ስሙ አዴኖማዮሲስ ይባላል። በየወሩ ደም ሆኖ የሚወርደው የማህፀን የውስጥ ሽፋን ዓይነት ሕዋስ የማህፀኑ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ይበቅላል። ወሩ ሲደርስ እዚያው ያብጣል፣ ይደማል፤ ማህፀኑም እየተለቀ ይሄዳል። ምጥ የሚመስለው ቁርጠት፣ የረጋው ደም፣ ሳምንት አልፎም አልቆም የሚለው መፍሰስ የሚመጣው ከዚያ ነው። ደግሞ ልብ በሉልኝ፦ በብዛት የሚታየው ከ30 ዓመት በላይ በሆኑና በወለዱ ሴቶች ላይ ነው። በኦፕራሲዮን መውለድም ተጋላጭነቱን ይጨምራል። ታዲያ መውለድ በየት በኩል ነው መድኃኒት የሆነው?

ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ እስኪወርድ የምትጠብቅ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ፣ ወንበሩን በእጇ ዳብሳ የምትነሳ? በየሰዓቱ ሞዴስ መቀየር፣ ሌሊት ፎጣ አንጥፎ መተኛት፣ ትንሽ ደረጃ ወጥቶ ልብ እስኪፈርስ መድከም፤ ሁሉም «የሴት ወግ ነው» እየተባለ ይታለፋል። የሞዴስ ዋጋማ ተዉት። በዓል በመጣ ቁጥር እኔ ቅዳሴ የምሰማው ከደጅ ቆሜ ነው። ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ አይረን ይታዘዝልኛል፤ ደሙ ለምን እንዲህ እንደሚፈስ ግን የሚጠይቅ የለም። ቧንቧውን ሳይዘጉ በርሜል መሙላት ማለት ይሄ ነው!

አልትራሳውንድ ይነሳል፣ «ማዮማ (የማህፀን እጢ) የለሽም፣ ደህና ነሽ» ተብሎ ትሸኛለሽ። ድሮ ይሄ በሽታ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ማህፀን ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነበር፤ ዛሬ ግን በብልት በኩል የሚነሳ አልትራሳውንድ፣ የሚያውቀው ባለሙያ ካየው፣ ብዙ ጊዜ ይለየዋል። ኤምአርአይም አለ። ሕክምናውም ቢላ ብቻ አይደለም፦ ደሙን የሚቀንስ ትራኔክሳሚክ አሲድ አለ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሆርሞን ያለው ሉፕ አለ፣ የሆርሞን እንክብል አለ። ማህፀን ማውጣት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ስንት ዓመት «ቻይው» ብቻ!

እህቶቼ፣ ሞዴስ በየሰዓቱ የሚያስቀይር ደም ወግ አይደለም። እኔ ቀጠሮዬ ደርሷል። ዘንድሮ «ማዮማ የለሽም» የሚለኝን ሰው «ታዲያ ያለብኝ ምንድን ነው?» ሳልለው፣ መልሱንም ካርዴ ላይ ሳላስጽፍ ከወንበሩ አልነሳም።