አውራ ጣት ስንት ፒኤስአይ ነው?

አሁን ገና ነው ቤት የገባሁት፣ እጄ በጥቁር ቅባት ተለውሷል፣ ነጭ ጋውኔም እንደዛው፣ ሻይ እንኳን ሳልጥድ ነው የምጽፈው ስለዚህ የፊደል ስህተት ካለ እለፉኝ። ሰውዬው ዛሬም ጉድ ሰራኝ። የቱ ሰውዬ እንዳትሉኝ፣ የምታውቁኝ ሁሉ ታውቁታላችሁ፣ ጎሚስታው ነው።

የማታ ዱቲ ጨርሼ ወጣሁ። የደብረ ብርሃን ጠዋት ነው መቼም፣ ውርጩ ሳሩ ላይ ተጋግሮ፣ የሳይክሌ ወንበር ላይ ሳይቀር ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ መስሎ። የፊቱን ጎማ ስነካው ልስልስ ብሏል። ይሄ አያስገርመኝም፣ ቀን በፀሀይ የሞላሽው ንፋስ ሌሊት ሲበርደው ይኮማተራል፣ በ10 ዲግሪ ልዩነት እንደኔ አይነቱ ጎማ ግፊቱ በ2 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት የሚለካበት ነው) ገደማ ይወርዳል፣ እዛ ላይ ደግሞ ጎማ ቀዳዳ ባይኖረውም ቀስ እያለ ማስተንፈሱ አይቀርም። ለዛ ነው ቢያንስ በሳምንት አንዴ ለካ አድርጉት የሚባለው። ይባላል ነው ያልኩት።

እና ሄድኩ። "ጋሼ እንደምን አደሩ፣ የፊቱን 45፣ የኋላውን 50 ቢያደርጉልኝ።" የኋላው እኔንም ቦርሳዬንም ስለሚሸከም ትንሽ ይጨመርለታል። ከራሴ ያመጣሁት ቁጥር አይደለም፣ ጎማው ጎን ላይ በትልቁ ተቀርጿል፣ 26 በ1.95 ከሚለው አጠገብ፣ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ ይላል። ማንበብ ብቻ ነው። ጎንበስ ብሎ ማንበብ!

መልስ የለም። ቱቦውን ሰካው። ይሄ ቱቦ እኮ የሲኖትራክ ጎማ የሚሞላበት ነው፣ የሲኖ ጎማ ከ100 በላይ ነው የሚጠጣው፣ የኔ ሳይክል ጎማ ደግሞ ከሱ አጠገብ የልጅ ፊኛ ነው፣ ሁለት ሰከንድ ካቆየሽበት አለቀለት። ፍሽሽሽ አደረገና ነቀለው። ከዛ አውራ ጣቱን ጎማው ላይ ጫን አደረገ፣ አይኑን ጨፈነ። በማርያም ነው የምላችሁ፣ አይኑን ጨፈነ!

"ድንጋይ ሆኗል፣ ሂጂ።"

"ስንት ሆነ ጋሼ?"

"ድንጋይ ነው ስልሽ።"

"አይ፣ ቁጥሩን ነው። በንፋስ መለኪያው፣ በጌጅ ይለኩልኝ።"

ሊስትሮው ቀና አለ። ባጃጅ ሹፌሩ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ጠጋ አለ።

"በምን?"

"በጌጅ። ያውና ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።"

"እሱ የመኪና ነው።"

"የኔም ቫልቭ የመኪናው አይነት ነው እኮ፣ አሁን ቱቦው ገባ አይደል እንዴ።"

"ሲስተር፣ እኔ እዚህ ጎማ ስነፋ 27 አመቴ ነው። አንቺ መርፌሽን ያዢ፣ እኔ ጎማዬን ልያዝ።" ይሄን ብሎ ዝም ቢል ምን ነበረበት፣ ወደ ባጃጁ ሹፌር ዞረና "ሳይክሏ ታሞባት ልታስለካ መጣች እኮ!" አለ። ሊስትሮው ብሩሹን እስኪጥል ሳቀ። ሹፌሩ ደግሞ "ሙቀቱንም ይለኩላት እንጂ ጋሼ፣ ትኩሳት ይኖረዋል" አይልም! ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ያደርኩ ሰው ነኝ፣ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር መጥቶ ተቀረቀረ፣ ሳቅ ይሁን እንባ እኔም አላወቅኩት።

አሁን ስሙኝ። ይሄ ሰውዬ የኛ ታካሚ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ውጤቱንም አልናገርም፣ የሙያ ነገር ነው። ግን ግፊቱን ስለካው እንዴት እንደሚሆን ብታዩት! ክንዱ ላይ ጨርቁን ሳስር ትንፋሹን ይይዛል፣ ገና ሳልጨርስ "ስንት ሆነ?" ነው፣ የላይኛውን ስነግረው "የታችኛውስ?" ነው፣ ስጽፈው ደግሞ አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን ያያል፣ አንዴማ "ልጄ ይሄ መሳሪያ ትክክል ነው? በሌላኛው ድገሚልኝ" ብሎ በሁለተኛ መሳሪያ ደግሜለታለሁ። ደግሜለታለሁ! እኔ "ጋሼ ደረትዎ ደንደን ያለ ነው፣ ሂዱ" ብዬ በጣቴ ነክቼ ልሸኘው እችል ነበር እኮ። ለነገሩ 120 የሚባለው የደም ግፊት ወደ ፒኤስአይ ሲመነዘር 2.3 ነው፣ ሁለት ነጥብ ሶስት! ለሷ ሁለት መሳሪያ፣ የኔ 45 ግን በአውራ ጣት። የሱ ግፊት በሽታ፣ የኔ ቅብጠት።

እሺ ወደ ጎማው። በስንት ልመና፣ እያጉረመረመ ጌጁን ከሚስማሩ አወረደ፣ አቧራውን በሱሪው ጠረገ፣ ቫልቩ ላይ ጫነው። 85! ከ65 በላይ እንዳይሞላ የተባለ ጎማ። ባጃጅ ሹፌሩ ራሱ "ኦ!" አለ። ሰውዬው ጌጁን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው፣ አገላበጠው፣ ከዛ ምን አለ መሰላችሁ?

"ጌጁን ብርድ መትቶት ነው።"

ብርድ መትቶት ነው! ጌጁን! ነጭ ሽንኩርት በማር እናጠጣው ልል ነበር።

ጣት የሚዋሸው እኮ እዚህ ጋር ነው፣ ባዶ ጎማና የሞላ ጎማ ይለያል፣ አልካድኩም፣ ግን አንዴ ከጠነከረ በኋላ 50ም ድንጋይ ነው 85ም ድንጋይ ነው፣ ጣት ቁጥር አይቆጥርም። የበዛው ደግሞ ቀልድ አይደለም። ወንድሜ፣ ያኔ መንገዱ ደህና በነበረ ጊዜ፣ ከጓደኞቹ ጋር ደብረ ሲና ድረስ በሳይክል እንሂድ አሉና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እንደዚሁ "ድንጋይ" ተደርጎለት ወጣ። ጣርማበርን አልፎ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን እንደያዘ ነው የወረደው፣ ፍሬኑ ቸርኬውን እየፈተገ አጋለው፣ የጋለው ቸርኬ የውስጡን ንፋስ አጋለው፣ ጧ! መንገድ ዳር የነበሩ ሰዎች ተኩስ መስሏቸው ተኙ። ወንድሜም ተኛ፣ እሱ ግን ወዶ አይደለም። ጉልበቱ ላይ እስካሁን ጠባሳው አለ። እና ጣሊያን ጣርማበርን ቦርቡሮ ዋሻውን ትቶልን ሄደ፣ ጎሚስታ የሚለውን ቃልም ትቶልን ሄደ፣ የጌጁን አጠቃቀም ግን ጠቅልሎ ሳይወስደው አልቀረም።

ቀጥዪ በሉኝ። "ጋሼ፣ ወደ 45 ይቀንሱልኝ" አልኩ። ካቻቢቴ አንስቶ የቫልቩን መርፌ ተጫነው። ፊስስስስስ። "በቃ?" "አይ ይለኩት።" ፊስስስ። "በቃሽ?" "በጌጅ ጋሼ..." "ለካሁት እኮ!" "በምን?" "በጆሮዬ!" ሳቅ። ከጣት ወደ ጆሮ ተሸጋገርን፣ ቀጥሎ በምላሱ ሊቀምሰው ነው። ጌጁን መልሶ ሰቀለው፣ ሲኖ መጣበትና ትቶኝ ሄደ። እኔ ሞኟ ደግሞ ደክሞኛል፣ እንቅልፌ መጥቷል፣ አፍሬያለሁም፣ ይሁን ብዬ ወጣሁ። ራሴ ጌጁን አንስቼ መለካት እችል ነበር አይደል? አውቃለሁ። አትንገሩኝ።

የራስሽን ጌጅ ለምን አትገዢም የምትል ጓደኛዬ ደግሞ አለች፣ አንብቢው አንቺን ነው። ገዝቻለሁ! ከመርካቶ፣ እንደ እስክሪብቶ ያለችውን። አንዱን ጎማ ሶስቴ ብለካው 38፣ 44፣ 51 አለችኝ፣ ጥፋቱ ግማሹ የኔ እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ፣ ቀጥ ብላ ካልተጫነች በጎን ታስተነፍሳለች፣ ፊስ የሚል ድምጽ እየሰማሽ የሚወጣ ቁጥር ቁጥር አይደለም። በትክክል መጫን በለመድኩ በሳምንቱ መሃሏ ተሰበረች። የእጅ መንፊያም ነበረኝ፣ የጎረቤት ልጅ ኳስ ልንፋ ብሎ ወሰደ፣ ከፋሲካ በፊት ነው፣ እናቱን በጠየቅኳት ቁጥር "ውይ ሲስተርዬ፣ ዛሬ አስመጣልሻለሁ" ትለኛለች። የዛሬዋ ዛሬ የትኛዋ እንደሆነች እግዜር ይወቅ።

እና ደግሞ ስናገር ትዝ አለኝ፣ አከራዬ። ግቢው ውስጥ መብራት ቆጣሪ አለ፣ የሚሰራ፣ ቀይዋ መብራት ብልጭ ብልጭ የምትል፣ ሂሳቡን ግን የሚያካፍሉት በግምት ነው፣ "አንቺ ማታ ማታ ታበሪያለሽ" ብለው። እትዬ፣ እኔ ማታ ማታ ስራ ነኝ! ልብስ ሰፊውም ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በአይኑ ነው የለካኝ፣ ይሄን ጋውን ያያችሁት ታውቁታላችሁ፣ አንዱ እጅጌ ክርኔ ላይ ቀርቷል። መሳሪያ የለም ቢሉኝ እኮ አልናደድም። አለ። ተሰቅሏል። አቧራ ለብሶ ያየናል።

ኮብልስቶኑ ላይ ስገባ አወቅኩት። ጎማው ጭብጥ ጭብጥ እያለ ነው፣ ከ20 አይበልጥም። ድንጋዩ ዘለል ያለችበት ቦታ ላይ ቸርኬው ድንጋዩን ሲመታ ጧ ብሎ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ፣ ከዛ ፊስስ። ንፋስ ሲያንስ የሚሆነው ይሄ ነው፣ የውስጡ ጎማ በድንጋዩና በቸርኬው መሃል ይቆነጠጣል፣ የቸርኬው ሁለት ከንፈር ስለሆነ የሚቆነጥጠው ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ይወጣል፣ ፈረንጆቹ የእባብ ንክሻ ይሉታል። እየገፋሁ ተመለስኩ። ምን ምርጫ አለኝ።

ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ዘረጋ። "አላልኩሽም!! ድንጋይ ይሁን ስልሽ ይለስልስ አልሽ! አያችኋት?" ሹፌሩ ሶስተኛ ሻዩ ላይ ነበር፣ ስራ የለውም እንዴ ይሄ ሰው?

እዚህ ጋ ግን ሀቁን ልናገር፣ ሰውዬው መለጠፍ ያውቅበታል። የውስጡን ጎማ እንደ አንጀት መዝዞ አወጣው፣ ነፋ አድርጎ ያቺ ጥቁር ውሃ ያለባት ሳፋ ውስጥ ነከረው፣ በጣቶቹ እየጨመቀ አሳለፈው፣ ሁለት ቀጭን የአረፋ ክር ተያይዘው ወጡ፣ ጎን ለጎን፣ ልክ የተባለው። አደረቀው፣ በሞረድ ፈገፈገው፣ ማስቲሹን ቀብቶ እንደ ህጻን ምግብ እፍ እፍ እያለ ጠበቀው፣ ቸኩሎ እንኳን አልለጠፈም። አይቼ ልረሳለት ምንም አልቀረኝም ነበር።

"ሁለት ሚስማር ነው።"

"ሚስማር አይደለም ጋሼ፣ ንፋሱ አንሶ ተቆንጥጦ ነው። ሚስማሩስ የታለ?"

"ወድቋል።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም። ሁለት መቶ ብር።"

በቀዳዳ ሲሆን መቁጠር ይችላል! ንፋሱን እንጂ ቀዳዳውንማ አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጠረልኝ።

ከዛ ሲሞላ ስንት ይሁን ብሎ የጠየቀኝ መሰላችሁ? ፍሽሽሽ። አውራ ጣት። አይን ጨፈን። እኔም ጭጭ።

የሚያናድደኝ መልሱ ሁሌ የሚመጣልኝ ከመሸ ነው። መርፌሽን ያዢ ሲለኝ እንዲህ ማለት ነበረብኝ፦ ይሄን በንፋስ የሚሞላ ጎማ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ለልጁ ባለሶስት እግር ሳይክል ብሎ የሰራው ጆን ደንሎፕ የእንስሳት ሐኪም ነበር ጋሼ፣ ሐኪም! መርፌ ያዥ! ይሄን ብዬው ሊስትሮው በእሱ ቢስቅ ኖሮ አሁን ተኝቼ ነበር። እኔ ግን ያልኩት "እሺ ጋሼ፣ ይቅናዎት" ነው። ሁለት መቶ ብር ከፍዬ፣ ተስቆብኝ፣ በአንቱታ መርቄው ወጣሁ።

ሐሙስ ቀጠሮ አለው። "ስንት ሆነ?" ይለኛል። አውራ ጣቴን ክንዱ ላይ ጫን አድርጌ፣ አይኔን ጨፍኜ... አላደርገውም፣ አታስቡ፣ ስራዬን እወዳለሁ። ግን ለሶስት ሰከንድ ያህል ብጨፍንበትስ?

ኤዲት፦ ኮሪደሩ ላይ የሆነ ድምጽ ይሰማኛል ብዬ ወጥቼ አየሁት። የፊቱ ደህና ነው፣ ድንጋይ ነው። የኋላው ነው የተኛው። የኋላውን ለካ ጭራሽ አልነካውም።