በጀቱ ሳይጸድቅ ብንጠየቅ

ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር አበሻ ስለ አዲስ አበባ ሳያወራ አይውልም። ካፌ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወሬው ኮሪደር ልማት ነው፣ የፈረሰው ሰፈር ነው፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ነው። ያማረውን መንገድ ያየ ያመሰግናል፤ ዘመዱ ከፒያሳ የተነሳበት ያዝናል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔን ግን ሁሌ የሚከነክነኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ገንዘቡ እዚህ ላይ ይዋል ተብሎ ሲወሰን ነዋሪው የት ነበር?

እስቲ ቁጥሩን እንየው። የአዲስ አበባ ምክር ቤት ለ2016 ዓ.ም. ያጸደቀው በጀት ከ140 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር። ለ2017 ደግሞ ከ230 ቢሊዮን በላይ ሆነ። በአንድ ዓመት ወደ 90 ቢሊዮን ጨመረ ማለት ነው። የኑሮ ውድነቱን ብናስብለት እንኳ ብዙ ገንዘብ ነው። አብዛኛው ደግሞ እዚያው ከከተማው የሚሰበሰብ ነው፤ ከመርካቶ ነጋዴ፣ ከደመወዝተኛው፣ ቤት ከሚሸጥና ከሚገዛው፣ ከባለ ሱቁ። ሐምሌ ላይ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ያጸድቀዋል፣ ማታ በዜና እንሰማለን። ለመንገድ ይህን ያህል፣ ለትምህርት ይህን ያህል ይባላል። የእኛ ወረዳ ስንት ደረሰው፣ የኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ መሆኑ የሚያበቃው መቼ ነው፣ ያ ተቆፍሮ የተተወው መንገድ በዘንድሮው ውስጥ አለበት ወይስ የለበትም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ከዜናው ላይ መልስ አያገኝም።

ዲሲ ውስጥ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው። ከንቲባዋ ረቂቁን ለምክር ቤቱ የሚያቀርቡት ግን ገና በጸደይ ነው። በመሀል ወራት አሉ። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ወራት ውስጥ ነው። 13ቱ የምክር ቤት አባላት በየኮሚቴው ተከፋፍለው የትምህርቱን፣ የመንገዱን፣ የቤቱን፣ የፖሊሱን በጀት ለየብቻ ይመረምራሉ። በየኮሚቴው ሂሪንግ የሚሉት፣ ሕዝቡ የሚሰማበት ስብሰባ አለ። ረቂቁ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፣ የፈለገ ያነበዋል፣ ስሙን ያስመዘገበ ነዋሪ ቀርቦ ይናገራል። ለአንድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። ሦስት ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች፤ አስቦበት ለመጣ ሰው ግን ብዙ ነገር ይባልባታል።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቤቷ ውስጥ ሕፃናት የምትጠብቅ የሀገራችን ሴት ናት። እንደምታውቁት እዚህ ከተማ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ እናቶቻችንና እህቶቻችን ብዙ ናቸው። ወረቀቷን ዘርግታ በአማርኛ ተናገረች፣ አስተርጓሚው ተከትሎ በእንግሊዝኛ አለው። የወጣው ሕግ ስለሚያስገድድ ነው እንጂ ማንም ውለታ አልዋለላትም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ነዋሪ እንዲያስተረጉሙ ያዛል፤ ዋና ዋና ሰነዶችም ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሴትየዋ ስለ ፖለቲካ አላወራችም። ስንት ልጅ እንደምትጠብቅ፣ ከጠዋት ስንት ሰዓት ወላጆች እንደሚያመጡላት፣ ረዳቷን በምን እንደምትከፍል፣ ድጎማው ቢቋረጥ ረዳቷ እንደምትሄድባት ተናገረች። አንዱ የምክር ቤት አባል ጥያቄ ጠየቃት፣ መለሰች፣ አመሰገነችና ተነሳች። በቃ፣ ይኸው ነው። የተናገረችው ግን በመዝገብ ገብቷል፤ ቪዲዮውም ለማንም ክፍት ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ንግግር ለወጉ ያህል ነው የሚል ሰው ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከንቲባ ሚዩርየል ባውዘር ያቀረቡት ረቂቅ በጀት ለሕፃናት ተንከባካቢዎችና አስተማሪዎች ደመወዝ ማሻሻያ የሚውለውን ፈንድ ጨርሶ የሚያስቀር ነበር። ተንከባካቢዎቹ ተደራጁ፣ መጡ፣ ተናገሩ፣ ወላጆችም አብረዋቸው ቆሙ። ምክር ቤቱ በጀቱን ሲያጸድቅ ለፈንዱ 70 ሚሊዮን ዶላር መለሰለት። የጎደለው ሁሉ አልተሞላም። ያም ሆኖ ረቂቁ ገና ረቂቅ ሳለ ስለመጡ ነው ያንን ያህል ያገኙት። ከጸደቀ በኋላ ቢሆን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነበር የሚሆነው።

እዚህ ሁሉ ነገር ሰላም ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሰው ሲናገር ስልኩን የሚነካካ የምክር ቤት አባል አይቻለሁ። ነዋሪው አጥብቆ የተቃወመው ነገር ሲያልፍም አይቻለሁ። ከሁሉም በላይ ዲሲ በራሷ ገንዘብ እንኳ ሙሉ አዛዥ አይደለችም። ሕዝቡ የራሱን ከንቲባና ምክር ቤት መምረጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን ሕግ ተከትሎ ነው፤ እስካሁንም በፌዴራሉ ምክር ቤት በኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የለውም፣ የከተማው በጀትም በኮንግረስ በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከተማዋ ለኪሳራ ስትቃረብ ኮንግረስ ተቆጣጣሪ ቦርድ አስቀምጦባት ነበር። በማርች 2025 ደግሞ ኮንግረስ ያወጣው ጊዜያዊ የበጀት ሕግ፣ ዲሲ ራሷ ሰብስባ ራሷ ያጸደቀችውን ገንዘብ በዓመቱ መሀል በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንድትቀንስ የሚያስገድድ ነበር። ነዋሪው ምን ያህል እንደተናደደ አስታውሳለሁ። አዲስ አበባም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላት፣ ተጠሪነቷ ግን ለፌዴራል መንግሥት ነው። ሁለቱም ዋና ከተማ ናቸው፣ ሁለቱም በላያቸው ሌላ አለ። ስለዚህ ከላይ ያለው መንግሥት ስለሚጫነን ነው ነዋሪውን መስማት ያልቻልነው የሚለው ምክንያት ለኔ አያስኬድም። ዲሲ ተጭነዋት ነው የምትሰማው።

ሰፈር ድረስ እንውረድ። ዲሲ ውስጥ ወደ 2,000 ለሚጠጋ ነዋሪ አንድ የሰፈር ኮሚሽነር ይመረጣል። ደመወዝ የለውም፣ የሥራ ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው፣ ጎረቤትህ ነው። በየወሩ ይሰበሰባሉ። የሚነሳው ነገር ትልልቅ አይደለም፤ እዚህ ጥግ ላይ ያለው ሬስቶራንት የመጠጥ ፈቃድ ይሰጠው ወይ፣ የመንገዱ መብራት ለምን አልተሠራም፣ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት መኪና የሚበርበት ጉዳይ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ሐሳቡን በጽሑፍ ሲያቀርብ የከተማው መሥሪያ ቤት ትልቅ ቦታ ሊሰጠው ይገባል ይላል ሕጉ፤ ካልተቀበለውም ለምን እንዳልተቀበለው በጽሑፍ መመለስ አለበት። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት እኔን የምታስቀናኝ። እምቢ መባል ያለ ነው። ለምን እምቢ እንደተባልክ የተጻፈ ወረቀት ማግኘት ግን ክብር አለው።

አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተማ አላት፣ ወረዳዎቹም ከመቶ በላይ ናቸው፤ ያም ሆኖ በአንድ ወረዳ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይኖራል። የወረዳ ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጥሪው ይመጣል፣ አዳራሹ ይሞላል፣ ሪፖርት ይነበባል፣ ሪፖርቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ አስተያየት ያላችሁ ይባላል። አንዲት እናት ተነስተው የፍሳሹ ሽታ ልጆቻችንን አሳመመ ይላሉ፣ አንድ ጎልማሳ ስለ ትራንስፖርት ያነሳል፣ አሥር ጥያቄ በአንድ ላይ ይሰበሰብና መድረኩ ላይ ያሉት በጥቅሉ ይመልሳሉ፤ "በቀጣይ በጀት ዓመት ትኩረት እንሰጠዋለን።" ስብሰባው ያልቃል። የእናትየው ጥያቄ የት እንደገባ፣ ማን እንደያዘው፣ መቼ መልስ እንደሚያገኝ የሚታይበት ወረቀት የለም። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ እኔ የማውቃቸው የወረዳ ሠራተኞች ደክመው የሚሠሩ ናቸው። ስብሰባው ግን የተወሰነውን ለማሳወቅ የተጠራ ነው። የሚወሰነውን ለመጠየቅ አልተጠራም።

ሕዝባችን ለዚህ አልደረሰም የሚሉ አሉ፤ እዚህም እዚያም ሰምቻለሁ። በጣም ነው የምቃወመው። የእድር ስብሰባ አይታችሁ አታውቁም? ዳኛው አለ፣ ጸሐፊው አለ፣ ገንዘብ ያዡ አለ። ገንዘብ ያዡ ስንት ገባ ስንት ወጣ ብሎ ያነባል፣ አንድ ድንኳን ለመግዛት ግማሽ ቀን ይከራከራሉ፣ ብረት ድስቱ ለምን ጠፋ፣ ማን ወሰደው፣ ይከፈል። ማንም ሳያስተምራቸው ነው። ኮብልስቶን ሲነጠፍም እንዲሁ። ነዋሪው ኮሚቴ መርጦ፣ ከየቤቱ መዋጮ ሰብስቦ፣ ደረሰኝ ቆርጦ፣ ድርሻውን ለመንግሥት አስገብቶ ስንት መንደር ከጭቃ ወጥቷል። የራሱን መዋጮ እንዲህ የሚቆጣጠር ሕዝብ ግብሩን መቆጣጠር ያቅተዋል ብሎ ማሰብ ሕዝቡን አለማወቅ ነው።

የጣሪያና ግድግዳውን ነገር ደግሞ እንውሰድ። ግብሩ ሲሰበሰብ የኖረው በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ነው። በ2015 ከተማው ግምቱን ሲያሻሽለው ብዙ ሰው ከለመደው እጥፍ ድርብ ክፍያ መጣበት። ጡረተኞች ነበሩ በጣም የደነገጡት፤ ቤቱ ትልቅ ነው፣ ገቢያቸው ግን ያው ጡረታ ናት። ጥር 2017 ላይ ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የንብረት ታክስ አዋጅ አጸደቀ። የቤት ግብር መክፈል ተገቢ ነው፤ እዚህም እንከፍላለን፣ በጣም ብዙ እንከፍላለን። ዲሲ ውስጥ ከ100 ዶላር የቤት ግምት ላይ 85 ሳንቲም ነው፤ የቤቱ ዋጋ በመቶ ሺዎች ሲሆን ስንት እንደሚመጣ አስሉት። ነገር ግን ግምቱ በየዓመቱ በደብዳቤ ይደርስሃል። የአምናው ይህ ነበር፣ የዘንድሮው ይህ ነው ይላል። በዛብኝ ካልክ እስከ ኤፕሪል 1 ማመልከት ትችላለህ፤ እዚያ ካልተስማማህ ኮሚሽን አለ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት። የጎረቤትህን ቤት ግምት ኢንተርኔት ላይ አይተህ የኔ ለምን በለጠ ብለህ መከራከር ትችላለህ። ይግባኝ ብለው ያስቀነሱ የሀገር ልጆች አውቃለሁ። ሰው የሚከፍለውን ሲያውቅና የሚከራከርበት በር ሲኖረው፣ እያጉረመረመም ቢሆን ይከፍላል።

እኛ ሀገር ጨርሶ ያልተሞከረ ነገርም አይደለም የምለው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በለጋሾች ድጋፍ በተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎት ፕሮግራም ውስጥ የወረዳ በጀት ለሕዝብ እንዲለጠፍ ይደረግ ነበር። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለውኃ ይህን ያህል እየተባለ ለማንኛውም ሰው በሚገባ አማርኛና በየክልሉ ቋንቋ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል። ገጠር ወረዳ ላይ የተቻለ ነገር ቦሌና አራዳ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ሕጉም አለ። የመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ ቁጥር 590/2000፣ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ይህን እንዲከታተል ኃላፊነት ተሰጥቶታል። በዚህ አዋጅ ተጠቅሞ የወረዳውን በጀት በጽሑፍ የጠየቀ ሰው ስፈልግ ግን ከማውቃቸው ውስጥ አላገኘሁም። ሰው አያውቀውም፣ ወይም ምን ሊሉኝ ነው ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀበሌ ማለት ለብዙ ቤተሰብ ልጅ የተወሰደበት በር ነበር። አንድ ዘመን ሙሉ የተጠራቀመ ፍርሃት በአንድ ማስታወቂያ አይለቅም። ለዚህ ነው መጀመሪያ መንቀሳቀስ ያለበት መሥሪያ ቤቱ ነው የምለው፤ ነዋሪው ሳይጠይቅ በሩ ላይ ይለጥፍለት።

ለኛ ለውጭዎቹም የምለው አለኝ። ስለ አዲስ አበባ በጀት ሌሊቱን ሙሉ ቲክቶክ ላይ የምንከራከር ሰዎች፣ የምንኖርበት ከተማ ስብሰባ ላይ ወንበራችን ባዶ ነው። ታክሲ ነጂዎቻችን እ.ኤ.አ. በ2008 ዲሲ የታክሲ ዋጋን በዞን ማስላት ትታ ወደ ሜትር (ቆጣሪ) ስትገባ ኑሯቸው ስለተነካ ተሰልፈው ጮኸዋል። ከዚያ ወዲህ ግን የምንመጣው ሲያመን ብቻ ነው። አስተርጓሚ አለ፣ በስልክም መግባት ይቻላል። ስብሰባ ላይ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ለሦስት ደቂቃ ምን ይዞ መቅረብ እንደሚሻል ብናውቅ፣ ሀገር ቤት ስንደውል ለዘመዶቻችን የምንነግራቸው ነገር ከስድብ የተሻለ ይሆን ነበር።

ከአዲስ አበባ ምክር ቤት የምመኘው ብዙ አይደለም። ረቂቅ በጀቱ ግንቦት ላይ በየወረዳው በር ይለጠፍ፣ በወረዳ ተከፋፍሎ፣ ከአምናው ጋር ጎን ለጎን። ሰኔ ውስጥ በየክፍለ ከተማው አንድ ቅዳሜ ሪፖርት የማይነበብበት፣ ነዋሪው ብቻ የሚናገርበት ስብሰባ ይጠራ። የተነሳው ጥያቄ ቁጥር ተሰጥቶት ይመዝገብ፤ ሐምሌ ላይ በጀቱ ሲጸድቅ የትኛው ገባ፣ የትኛው አልገባም፣ ያልገባው ለምን አልገባም የሚል አንድ ገጽ ወረቀት እዚያው በር ላይ ይውጣ። የፍሳሹን ነገር ያነሱት እናት ሄደው ቁጥራቸውን ይፈልጉበት።