ጀሪካኑን ባልየውም ይሸከም

ደብረ ብርሃን፣ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነን። ካገባች አምስት ዓመት ያለፋት የጎረቤት ልጅ ከሸንኮራ ዮሐንስ ያመጣችውን ጠበል በቢጫ ጀሪካን አንጠልጥላ በበሩ አለፈች። አንዲት እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መካን ሆና ቀረች፣ ምስኪን» አሉ። «ባሏስ ተመርምሯል?» ብል ቤቱ በሳቅ ሞላ። «እሱማ ጠብደል ነው፤ ምን ይሆናል?»

ጠበሉን አልነቅፍም፣ እኔም እጠመቃለሁ። የከነከነኝ ጀሪካኑን የምትሸከመው ሁልጊዜ ሴቷ መሆኗ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ፔጅ ቡድን በዘር ፈሳሻቸው ውስጥ አንድም የዘር ህዋስ ያልተገኘባቸውን 89 ወንዶች መረመረ። ከ12ቱ የዋይ ክሮሞሶም (ወንዶች የሚይዙት የዘረመል ጥቅል) ላይ ቁራሽ ጠፍቷል። ከጠፋው ውስጥ ዳዝ የተባለ ዘረመል ነበር። ከእሱ የሚሠራው ፕሮቲን አር ኤን ኤን የሚይዝ ነው። አር ኤን ኤ ከዲ ኤን ኤ የተቀዳ መልእክት ነው፤ የዳዝ ቤተሰብ ፕሮቲኖች በዘር ህዋስ ውስጥ መልእክቱን ጅራቱ ላይ ይይዙትና ወደ ፕሮቲን እንዲተረጎም ያግዙታል።

ዳዝ ለዋይ መጤ ነው። ታላቅ ወንድሙ፣ ዳዝል የተባለው ዘረመል፣ ዛሬም በ3ኛው ክሮሞሶም ላይ፣ በወንድም በሴትም አለ። የእሱ ቅጂ ነው ወደ ዋይ ተሻግሮ የተባዛው። የመንዝ ጓሳ ጭላዳ የሚመደብበት የአፍሪካና የእስያ ጦጣዎች ወገን ዋዩ ላይ ዳዝ አለው፤ የደቡብ አሜሪካዎቹና አይጥ ግን የላቸውም። (ይህንን ቡናው ላይ አላነሳሁም፤ ከጭላዳ ያዛመድኳቸው መስሏቸው ያባርሩኝ ነበር።) የቤተሰቡ አንጋፋ ቡል ደግሞ የፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ ሳይቀር አለ፤ እሱ የጎደለው ወንድ ዝንብ ዘር አያፈራም።

በብዙ ወንዶች ዋይ ላይ የዳዝ ቅጂዎች አራት ናቸው። በአካባቢው መንታ የሚመስሉ ረጃጅም ቁራጮች ስለበዙ አንዳንዴ እርስ በርስ ይምታቱና መሐሉ ተቆርጦ ይቀራል። አብረውት ሌሎች ዘረመሎችም ስለሚሄዱ ጥፋቱ ሁሉ የዳዝ ነው አይባልም። ይህ የገጠመው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጢሙም፣ ጉልበቱም፣ የአልጋ ወንድነቱም ደህና ነው። ጠብደል መሆኑ ምንም አይነግረንም።

ለመነሻ የዘረመል ምርመራ እንኳ አያስፈልግም። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ በአንዲት ጽዋ ፈሳሹን መስጠት ይበቃል። ሽማግሌዎችም «ሌላ አግባ» ከማለታቸው በፊት የዚህን ውጤት ቢጠይቁ ደግ ነበር።

በረካው ሲቀዳ ይህንኑ አልኳቸው። አክስቴ ሲኒውን እያቀበለችኝ «እሺ የሚል ይመስልሃል?» አለችኝ።