ቆርኪዋ ፈረስ ናት!

እስቲ ልተንፍስ። ከሐዋሳ ከተመለስን ሦስት ቀን ሆነን። ቤት ውስጥ ስለ ቼዝ አፌን እንዳልከፍት ስለታገድኩ እዚህ ነው የምናገረው።

እኔ ቼዝ እወዳለሁ። ሱስ ነው ብትሉኝም አልከራከርም። ባለቤቴ አመሌን ስለምታውቅ ገና ሞጆ ሳንደርስ ቃል አስገባችኝ። ስልክ ላይ ቼዝ የለም፤ ሦስቱን ቀን ከልጆቹ ጋር ነህ። እሺ አልኩ። ከልቤ ነበር።

ሆቴሉ ስንገባ ግን ምን ባይ ጥሩ ነው? እንግዳ መቀበያው ላይ፣ ከሶፋው ፊት ለፊት፣ ትልቅ የእንጨት ቼዝ። ደስታዬ ጠረጴዛው ጋ እስክደርስ ብቻ ነበር። በተጫዋቹ ቀኝ እጅ በኩል ያለችው የጥግ ቤት ነጭ መሆን አለባት፤ እዚህ ጥቁር ናት። ንጉሡና ንግሥቲቱ ቦታ ተቀያይረዋል። ከጥቁሮቹ አንዱ ፈረስ ጭራሽ የለም። ደሜ ፈላ። ይሄ ደግሞ የአንድ ሆቴል ጣጣ አይደለም። ማስታወቂያ ላይም ያው ነው። ሰውየው አገጩን ይዞ በጥልቀት ያስባል፣ ሰሌዳው ግን ዞሮ ነው የተቀመጠው። ምኑን ነው የሚያስበው?

ሻንጣዬን መሬት ጥዬ ማስተካከል ጀመርኩ። «ለእረፍት ነው የመጣነው ወይስ ለጥገና?» አለች ባለቤቴ። አስተናጋጁ ደግሞ ጠጋ ብሎ በትህትና፣ «ጋሼ፣ እሱ ለጌጥ ነው እኮ» አለኝ። ለጌጥ! ለጌጥ ከሆነ አበባ ምን አላችሁ?

በማግስቱ ፍቅር ሐይቅ ወረድን። ዛፍ ሥር ልጆች ተሰብስበው ይጯጯሃሉ። ዳማ ነው። ካርቶን ላይ ቤት አስምረው፣ አንዱ ቆርኪውን በፊቱ ሌላው በጀርባው ደርድሮ ይፋለማሉ። ተመልካቹ ከተጫዋቹ በላይ ያውቃል። ቀናሁ። ዳማ የሚወድ ሰው የትም ሄዶ ተጋጣሚ አያጣም። እኔ ቼዝ እወዳለሁ ስል ግን መልሱ አንድ ነው፤ «እኔም ዳማ በጣም እችላለሁ»። ሌላ ጨዋታ ነው እኮ! የሚመሳሰለው ሰሌዳው ነው! ለማንኛውም አንድ ቆርኪ ለምኜ ኪሴ ከተትኩ። ለጎደለችው ፈረስ።

ማታ የባለቤቴ ወንድም «ና ልግረፍህ» አለኝ። እሱ የሚያውቃት አንዲት ነገር ናት። ንግሥቲቱንና ቢሾፑን አስተባብሮ በአራተኛው እርምጃ ማት ማድረግ፣ ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ መጨረስ። ሁሌ ያቺኑ። አልሰራችለትም። ትንሽ ቆይቶ ቆርኪዬ ዘለለችና ንጉሡን ቼክ አለች፤ በዚያው ንግሥቲቱም ላይ አነጣጠረች። ንጉሡ ሲሸሽ ንግሥቲቱን በላሁ።

«ይሄ አይቆጠርም!» ብሎ ብድግ አለ።

«ለምን?»

«ቆርኪ ቼክ አይልም!»

እንዴ! ቆርኪዋ ፈረስ ናት ተባብለን አይደል የጀመርነው? ረሳሁት ይላል። ለዳኝነት አማቴ ተጠሩ። ቆርኪዋን አነሱ፣ ገልበጥ አድርገው አዩና «ፈረስ ከሆነች ጆሮዋ የታለ?» ብለው ለልጃቸው ፈረዱ። ይግባኝ የለም።

ተስፋ ሳልቆርጥ ልጄን ላስተምር ብዬ ተቀመጥኩ። ሰባት ዓመቷ ነው። እኔ አንዷን ሳነሳ እሷ ሦስት ወታደር ገፍታለች። «ተራሽን ጠብቂ፣ ተራሽን ጠብቂ» ስል ቆየሁና ድንገት ሳቄ መጣ። የድሮው የኛው ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ አጀማመሩ ልክ እንደሷ ነበር። ወረራ ይሉት ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደልባቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። ሰሌዳው ደግሞ በመስመር የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ነበር፤ ነጭና ጥቁር ቤት ብሎ ነገር አልነበረውም። ማንም አዙሮ ሊያስቀምጠው አይችልም ማለት ነው። ብልሆች! የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይወዱ እንደነበር ከ200 ዓመት በፊት የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ጽፏል። ራስ ወልደ ሥላሴ ይጫወቱት የነበረውን ጨዋታ ነው እንግዲህ ዛሬ ለጌጥ ነው የሚሉኝ።

ልጄ ይሄን ሁሉ ስነግራት አልነበረችም። ንግሥቲቱን ይዛ ሄዳለች፣ ከአሻንጉሊቷ ጋር ልታስተኛት። ከአልጋ ሥር በስልክ መብራት ፈልጌ ያወጣኋት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ባለቤቴ ነቅታ እያየችኝ ነበር። ምንም አላለችም። ያ ይብሳል።

መውጫችን ቀን ሒሳብ ልዘጋ ስጠጋ እንግዳ ተቀባይዋ «ጋሼ፣ ከቼዙ አንድ ዕቃ ጎድሏል» አለችኝ። ስንገባም አልነበረችም አልኳት። «ሰሌዳውን የነኩት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።» ይሄ እውነቷን ነው። ልጆቹ መኪና ውስጥ ገብተዋል፣ ፀሐዩ ከርሯል፣ የባለቤቴ ወንድም ጥሩምባ ይነፋል። ከፈልኩ።

ሻሸመኔን ስናልፍ ባለቤቴ ደረሰኙን አወጣችና ጮክ ብላ አነበበችው።

«የዳማ ጠጠር፣ 1።»