ቲቸር እኔ!

ሰኞ ጠዋት ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ጠመኔዬን ከኪሴ እያወጣሁ ነው። «ጣና ውስጥ ስንት...» ከማለቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንድ እጅ ተተኮሰ። እጅ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጣቱም ይጮሃል፣ ቂጡም ከወንበር ተነስቷል። «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ! 37 ደሴት!»

ጥያቄዬ እኮ ገና «ስንት» ላይ ነው። ስንት ታንኳ፣ ስንት ጉማሬ፣ ስንት ዓይነት ዓሣ ልል እንደነበር ማን ያውቃል? እሱ ያውቃል። ደግሞም ልል የነበረው ደሴት ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ስሙን አልጠራም፤ ጮሌው እንበለው። ክፍሉ ውስጥ 58 ተማሪ አለ። ከጮሌው ሌላ ያሉትን 57ቱን በድምፅ የማውቃቸው ስም ስጠራ «አቤት» ሲሉ ብቻ ነው። ስለ ጣና ስፋት ስንማር ሐይቁ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ መሆኑን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሳላስበው ዓይኔ ወደ ጮሌው ሄደ። ጣና ይቅር ይበለኝ።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ አማከርኩ። ጡረታ የደረሱት አንጋፋ መምህራችን ሻያቸውን ፉት እያሉ፣ «ልጄ፣ አትየው። የሚፈልገው መታየትን ነው። ካላየኸው ይተዋል» አሉኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ አላየሁትም። ረቡዕ ላይ ሰሌዳው ድረስ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ሌላው ባልደረባዬ «ውጭ አስወጣው» አለኝ። አስወጣሁት። የባሕር ዳር ሙቀት መስኮት አያዘጋ፤ ጮሌው መልሱን በመስኮት ላከልኝ።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ይህችን ተረት እወዳታለሁ። እናቴ እኔን ስትመክር በቀን ሁለት ሦስቴ ትላት ነበር። ከሌሎቹ ተረቶች የምትለየው ድምፅ ስላላት ነው። ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ ሲወርድ ይሰማሃል፤ ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ወቃጩ ግን በስብሷል። የጣና ዳር ሰው ግን ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ተረቷን በድሮ ጆሮው መስማት አልቻለም። «እንቦጭ» ሲባል ሐሳቡ ሐይቁን ወደ ወረረው አረም ይሮጣል። በደምቢያና በፎገራ በኩል ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ማሽን መጣ፤ ከየቦታው ሰው እየተጫነ መጥቶ ነቀለ። አረሙ በሳምንታት ውስጥ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። ተረቷ ትንቢት ሆና አረፈችው። አሁን እዚህ ከተማ የተጠላ ነገር ሁሉ እንቦጭ ነው። ባጃጅ እንቦጭ፣ ደላላ እንቦጭ፣ የሚስት ወንድም እንቦጭ። እኔ ልጁን እንቦጭ አልለውም። የሰው ልጅ ነው። (አንድ ቀን ብቻ ብዬዋለሁ፤ እሱም በሆዴ።)

ደግሞ ጮሌው ከሰማይ አልወረደም። አንድ ለአምስትን ታስታውሳላችሁ? አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን ይዞ እንዲያበቃ ነበር ነገሩ። እኔ ክፍል ውስጥ አንዱ ሠራ፣ አምስቱ ስማቸውን ጻፉ። አንዱ ተናገረ፣ አምስቱ ነቀነቁ። ቅጹን የሞላሁት ራሴ ነኝ፤ «ውጤታማ» ብዬ።

ያ አንዱ ሲያድግ የት እንደሚገባም አውቃለሁ፤ እድራችን ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ድንኳን ለመግዛት ተሰበሰብን። የተቀደደው ይለወጥ፣ አለቀ። ሁላችንም ተስማምተን ልንነሳ ስንል አንድ ጎረቤቴ እጃቸውን አወጡ። «ሐሳቤ ተነስቷል፤ ለማጠናከር ያህል ግን...» አሉ። በዚያች «ግን» 40 ደቂቃ ሄደ። ከመሠረቱ ጀምረው የእድሩን ታሪክ ተረኩልን። የተነሳን ሐሳብ ማጠናከር ምንድን ነው? ሐሳብ ድልድይ ነው ወይ፣ ሲሚንቶ የሚፈስበት? ምሳዬ ቀዘቀዘ። ድንኳኑ እስከ ዛሬ አልተገዛም። ክረምት እየመጣ ነው፣ ሰው ደግሞ ክረምት በጋ ብሎ አይሞትም። ይህን ስጽፍ ራሱ ደሜ ይፈላል።

ወደ ክፍሌ ልመለስ። እውነቱን ካወራን ጮሌውን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሱፐርቫይዘር መጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ማስታወሻውን ሲዘረጋ መጀመሪያ የማየው ማንን ነው? ጮሌውን። ጠየቅኩ፣ መለሰ፣ ጠየቅኩ፣ መለሰ። «ተሳትፎው ጥሩ ነው» ተብሎ ተጻፈልኝ። የ57ቱ ዝምታ የትም አልተጻፈም።

ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ መሆኑን አይታለች። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያስረዝሙት የመልሱም ርዝመት የመላሹም ቁጥር ጨመረ። ነገሩ ከወጣ 50 ዓመት አልፎታል፤ እኔ ጋ የደረሰው ዘንድሮ ነው።

ሞከርኩት። «ታንኳ ከምን ይሠራል?» ብዬ ጮሌውን በእጄ ምልክት አስቀምጬ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት ሰከንድ ይህን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። አባቶቻቸው በታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ልጆች ዴስካቸውን ያያሉ። ስምንት ላይ ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን ቀስ አድርጋ አወጣች። ደስታዬ! «እሺ የኔ እመቤት፣ ንገሪን።»

«ቲቸር፣ እሱ ይንገርዎ።»

ያን ማታ መቀስ ይዤ ተቀመጥኩ። የ58ቱንም ስም በቁራጭ ወረቀት ጻፍኩ፣ ጠቅልዬ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከተትኩ። ከእንግዲህ በዕጣ ነው፤ እጅ ማውጣት የለም። ማግስቱን ጣሳውን ተማሪው ፊት ደህና አድርጌ ናጥኩት። «ዓባይ ከጣና የሚወጣው በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅኩና እጄን ሰደድኩ። ወረቀቱን ፈታሁት።

ከ58ቱ እሱ!

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጮሌው ቀስ ብሎ ተነሳ። ጣቱ አልጮኸም። ግራ ቀኝ አየ፣ አንገቱን አከከ።

«ቲቸር፣ ጥያቄው ምን ነበር?»