ኬሞ የጀመረች እናት ቤት ስትመጡ

ድሬ ላይ ሰው ታመመ ከተባለ ቤቱ ይሞላል። ከገንደቆሬ፣ ከመጋላ፣ ከከዚራ፣ ከሳቢያን ይመጣል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይመጣል። ከሐረር የወጣ ዘመድ አለ፣ ከሽንሌ የመጣ የድሮ ጎረቤት አለ። ብርቱካን ይዞ፣ ለስላሳ ይዞ ይገባል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ግንባር ይስማል፣ «አይዞሽ» ይላል፣ «አላህ አፊያ ይስጥሽ» ይላል። ያደግኩበት ነው፤ እወደዋለሁ።

ግን እናት ወይም አባት የደም ካንሰር ሕክምና ሲጀምሩ፣ ይህ ልማድ ለጥቂት ወራት መልኩን መቀየር አለበት። ፍቅሩ ይቀንስ አላልኩም። ከአልጋው ጫፍ ተነስቶ ወደ ሆስፒታሉ ወረፋ፣ ወደ ደም ባንኩ፣ ወደ ጓዳው ይሂድ ነው የምለው።

ይህን የምጽፈው እናቴ ሕክምና ላይ ስለሆነች ነው። የሷ መልቲፕል ማይሎማ ይባላል። መቅኔ ውስጥ ያሉ ፕላዝማ የሚባሉ ሴሎች ያለ ልክ ይባዙና አጥንት ያሳሳሉ፣ ደም ያሳንሳሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ነው የሚይዘው፤ ብዙ ጊዜም በወገብ ሕመም ይጀምራል። የወገብ ሕመም ደግሞ እኛ ጋ ወይ ብርድ ነው፣ ወይ ዲስክ ነው፣ ወይ ነርቭ ነው። መድኃኒት ቤት ይኬድና ዳይክሎፌናክ ይወሰዳል፣ ሻል ይላል፣ እንደገና ይወሰዳል። ማይሎማ ላለበት ሰው ኩላሊት ዳይክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም ጠላት ናቸው። ስለዚህ በመንገዴ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ በዕድሜ የገፋ ወላጅ ወገቡን ወይም ጎኑን ለወራት እያመመው ደም ማነስም ካለበት፣ ሐኪሙን «ከደም ጋር የተያያዘ ነገር ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁት። ነውር የለውም።

ደግሞ የደም ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። «ደም ካንሰር» ሲባል ሰው ወዲያው እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ ያለቀሰም አለ። ሥር የሰደደው ሲኤምኤል የሚባለው ሉኪሚያ በየቀኑ በሚዋጥ ኢማቲኒብ በሚባል ኪኒን ለረጅም ዓመታት ይያዛል፤ መድኃኒቱም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላይ በዓለም አቀፍ ርዳታ ለዓመታት በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። ሆጅኪን የሚባለው ሊምፎማ ብዙ ጊዜ ይድናል። ማይሎማ ጨርሶ ባይጠፋም በሕክምና ለዓመታት ጋብ ይላል። አጣዳፊው ሉኪሚያ ግን ቀን አይሰጥም፣ በፍጥነት መታከም አለበት። የወላጃችሁ የትኛው እንደሆነ ስሙን በወረቀት አስጽፉ። ስሙን ሳያውቁ ማልቀስም ማጽናናትም አይቻልም።

አሁን ወደ ጠያቂው ልመለስ። መድኃኒቱ (ሁላችንም ኬሞ እንለዋለን፣ በመርፌም ይሁን በኪኒን) መጥፎውን ሴል ሲመታ ነጩን የደም ሴልም አብሮ ይመታል። ብዙዎቹ ኬሞዎች ከተሰጡ በኋላ ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን መሃል ሰውነት በጣም ይደክማል፤ ለኢንፌክሽን የሚጋለጠውም ያኔ ነው። ማይሎማ ላይ ደግሞ በሽታው ራሱ የመከላከል አቅምን ያዳክማል፣ የመጀመሪያዎቹ ወራትም በጣም ከባድ ናቸው። ጉንፋን ይዞት «ትንሽ ነው፣ አለፈልኝ» ብሎ ግንባሯን የሚስም ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ግን የሱ ጉንፋን ለሷ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። እኛ ቤት በር ላይ ውሃና ሳሙና አስቀምጠናል። ያስነጠሰው በመስኮት ሰላም ይላታል። መጀመሪያ ላይ የተቀየመ ነበር። አሁን ከመስኮቱ ውጪ ወንበር ወጥቶ፣ ቡናው እዚያ ተፈልቶ፣ እናቴ ከውስጥ ሆና ትጨዋወታለች።

የትኩሳት ነገር ግን ለብቻው መወራት አለበት፣ ምክንያቱም ድሬ ላይ ትኩሳት የሚያስደነግጠው ሰው የለም። ወባ አለ። ዴንጊ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ አውቀነዋል። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ያልገባበት ቤት ማግኘት ከባድ ነበር። በ2014 ደግሞ ወባው በበጋ፣ በከተማው መሃል ተነሳብን። እና ሰው ሲያተኩሰው ፓራሲታሞል ይውጣል፣ ይተኛል፣ ነገ እናያለን ይላል። ኬሞ ላይ ላለ ሰው «ነገ እናያለን» የለም። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ከበር ጀምሮ «ካንሰር ሕክምና ላይ ናት፣ ኬሞ ወስዳለች» ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ የሕክምና ወረቀቷም አብሮ ይሂድ። ወባው ይመርመር፣ መመርመር አለበት። ግን «ወባ የለም» ተብሎ ወደ ቤት መመለስ የለም፣ የደም ሴሏ ይቆጠር፣ ለኢንፌክሽኑ መድኃኒት ቶሎ ይጀመርላት። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ከኬሞው ጋር ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ስለሚወስድ ኢንፌክሽን ኖሮበትም ላያተኩስ ይችላል። ብርድ ብርድ ካላት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ንግግሯ ከተደነጋገረ ቴርሞሜትሩ ምንም ይበል ተነሱ። ቴርሞሜትር የሌለው ቤት ዛሬውኑ ይግዛ፤ በአራት ኪሎ ብርቱካን ፈንታ ያንን ይዞ የሚመጣ ጠያቂ ይባረክ። አጎበርም እንደዚያው፣ ማታ ብቻ ሳይሆን ቀን ስትተኛም ይዘርጋላት፣ የዴንጊዋ ትንኝ የቀን ናት።

የሚበላው ብዙ አያከራክርም። ጥሬ ሥጋ ይቅር። የግመል ወተት ይፈላ፣ «ሲፈላ መድኃኒትነቱ ይጠፋል» የሚለውን አትስሙ። ሰላጣው በደንብ ይታጠብ፣ ካልሆነ ይቅር። ውሃ ሐኪሙ ካልከለከለ በስተቀር በዚህ ሙቀት በብዛት ይጠጣ፣ ለኩላሊቷ ነው። ጸበሉ፣ ዘምዘሙ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በላኪው እጅ ከአሜሪካ የመጣው ቫይታሚን፣ ሁሉም ለሐኪሙ ይነገር። የሚጋጭ አለ፣ የማይጋጭ አለ፤ እሱ ይለያል።

ቁልቢም አለ። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሕክምናዋ መሃል ላይ ከወደቀ፣ ስለቷን ይዛ ልሂድ ማለቷ አይቀርም። እምነቷን አልነካም፣ የኔም እምነት ነው። ግን ያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ነጭ ደሟ የወረደ ሰው አይገባም። ስለቱን ልጅ ያድርስላት። እናቴ ይህን ከንስሐ አባቷ አፍ ስትሰማ ነው የተቀበለችው፣ እኔ ስናገርማ ተቆጥታኝ ነበር። ለጾሙም እንዲሁ። ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ፣ ለታመመ ሰው ሃይማኖቱ ራሱ ፈቃድ ይሰጣል፤ ፈቃዱን ግን ቄሱ ወይም ሼኹ ቤት መጥተው ቢነግሯት ሕሊናዋ ያርፋል።

አሁን ብዙ ሰው የማይስማማበትን ልናገር። ለወላጅ ይነገር። ሐኪም ልጁን ለብቻው ጠርቶ «እሷ እንዳትሰማ» የሚባባልበት ነገር ይብቃ። ጥቁር አንበሳ የካንሰር ክፍል በር ላይ ቁጭ ብላ፣ ጸጉራቸው የረገፈ ሰዎች መሃል ተራ ስትጠብቅ የዋለች ሴት ምን እንደያዛት አታውቅም? ታውቃለች። እኛ እንዳንጨነቅ ብላ ዝም ትላለች፤ እኛም እሷ እንዳትጨነቅ ብለን ዝም እንላለን፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ለብቻው ያለቅሳል። ጉዳቱ የስሜት ብቻ አይደለም። ምን እንደያዛት ያልተነገራት ሰው ወገቧ ሲሻላት «ዳንኩ» ብላ ኪኒኑን ታቆማለች። እኔ ከወንድሞቼ ጋር ተጣልቼ ጠየቅኳት፦ «እማ፣ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ ለኛ ይንገረን?» አልኳት። «ሕመሙ የማን ነው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐኪሙ ፊት የምትቀመጠው እሷ ናት። መስማት የማትፈልግ እናትም ትኖራለች፤ ያም መብቷ ነው፣ ግን ትጠየቅ።

ፊት መቀመጥ ብቻውን ግን አይበቃም። ወጣቱ ሐኪም «እማማ፣ እንዴት ነዎት?» ይላታል። ነጠላዋን ታስተካክልና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንተስ ልጄ? ቤተሰብ ደህና ናቸው?» ትለዋለች። ሌሊቱን ሙሉ እግሯ ሲነድ ያደረች ሴት ናት። ጠዋት ጫማ ስታደርግ መሬቱ ጥጥ ጥጥ ይለኛል ያለችኝ ሴት ናት። ቦርቴዞሚብ የሚባለው የምትወጋው መድኃኒት ነርቭ ይነካል፤ ቶሎ ከተነገረ መጠኑን ይቀንሱታል ወይም ያራርቁታል፣ ካልተነገረ ጉዳቱ ሊቀር ይችላል። «ዶክተር፣ እግሯ ይደነዝዛል፣ ያቃጥላታል» አልኩ። ገላመጠችኝ፣ ሰው ፊት ገመናዋን ያወጣሁባት ያህል። ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰው። ስለዚህ አብሯት የሚገባ ሰው አንድና የማይቀያየር ይሁን፣ ደብተርም ይያዝ፦ ትኩሳት፣ ሆድ ድርቀት፣ እንቅልፍ፣ የት እንዳመማት። እሷ ታመሰግናለች፣ ደብተሩ ይናገራል።

ዴክሳሜታዞን የምትወስድበት ሌሊት ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ኮሽታ ሰምቼ ብወጣ ቁምሳጥኑን ገልብጣ የልጅነት ልብሳችንን እያጣጠፈች ነበር። ጉልበቷ ሌላ፣ ወሬዋ ሌላ፣ ደስታዋ ሌላ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ አልጋ ላይ ወደቀች፣ በትንሽ ነገር ተቆጣች፣ አለቀሰች። መድኃኒቱ ነው። ጠዋት ከምግብ በኋላ ሲወሰድ እንቅልፉ ይሻላል። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን በዚያ ቀን ይለካ፣ ይጨምራል። «ጸባይዋ ተቀየረ» ብሎ የሚታዘባት ዘመድ ይህን ይወቅ።

አልማዝ ባለጭራም እንዲሁ በዚህ ሕክምና ላይ በቀላሉ ይነሳል፤ ለዚህ አሲክሎቪር የሚባል መከላከያ ይታዘዛል። ኪኒን በዛባት ተብሎ እንዳይቀነስ። ጎኗ ላይ ሽፍታ ከወጣም ቅጠል ከመለጠፍ በፊት ሐኪም።

ሩቅ ላሉ እህት ወንድሞች፣ ለጅቡቲውም፣ ለአሜሪካውም፣ ለዓረብ አገሩም አንድ ነገር አለኝ። ገንዘባችሁ ባይኖር ሕክምናው አይታሰብም፣ ይህን ሁሌም እናገራለሁ። ነገር ግን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ በየማታው አዲስ ሐኪም፣ አዲስ መድኃኒት፣ አዲስ አገር አታምጡ። ሽንት ቤት የምታደርሳት፣ የምታጥባት፣ ማታ የምትነሳላት እዚህ ያለችው ናት፤ እሷም ሰው ናት፣ ትደክማለች። በወር አንድ ሳምንት እረፍት የምታገኝበትን ክፈሉላት፣ ወይም ራሳችሁ መጥታችሁ ተኩላት።

መንገዱም ራሱ ሕክምና ያስቀራል። አዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ናት፣ አጥንቷ ለሳሳ ሴት አውቶቡስ ላይ መዋል ስቃይ ነው። ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ስላለ፣ ምርመራውና ዕቅዱ አዲስ አበባ አልቆ መርፌው እዚያ መሰጠት ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። በደንገጎ ሽቅብ ሐረር ወጥቶ በቀኑ መመለስና አዲስ አበባ ሄዶ ማደር አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ደግሞ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ይጠይቅ፤ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ነው፣ ከክልል ለሚመጡ አቅም ለሌላቸው ታካሚዎች ማረፊያ አለው።

እና ደም። የደም ካንሰር ሕክምና ያለ ደም አይሄድም። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ተለይቶ ከወጣ በኋላ ከ5 ቀን ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ አንዴ ብዙ ሰው ሰጥቶ ማስቀመጥ አይቻልም፣ ሰው በየጊዜው መስጠት አለበት። ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ ይሰጣል። ሃምሳ ሰው እናቴን ለመጠየቅ ቤት ከሚመጣ፣ ሃምሳው ተራ ይዞ ደም ባንክ ቢሄድ ለሷም ይደርሳል፣ ድል ጮራ ሆስፒታል ለምትወልደው ሴትም ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ማን ያደራጀው ከተባለ፣ ያደራጀ ነገር አለን። ዕድር አለን። ድንኳኑ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ መዝገቡ አለ፣ የየቤቱ ስልክ አለ። ሰው ሲሞት በሰዓታት ውስጥ ሁሉ ነገር ይደርሳል። ከዚያው ገንዘብ ላይ ሕክምና ለጀመረ አባል የሐረር መመላለሻ ቢወጣ፣ ከመዝገቡ ጎን የደም ዓይነት ቢጻፍ፣ ሌሊት ለሚያተኩሰው የሚነሳ ባለመኪና ወይም ባለባጃጅ ተራ ቢወጣለት ምን ይጎድላል? የኛ ዕድር ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ይሰበሰባል። አጀንዳ አስይዣለሁ፤ የሰፈራችን ሰዎች፣ ኑና ድምፅ ስጡ።